በጀጎል ቅጥር ውስጥ
የሐረር የእጅ ሙያና የመንገደኞች ምስክርነት

«ያላዩት አገር አይናፍቅም» ይላል ተረቱ። ይሁን እንጂ ታይቶም የማይናፍቅ አገር አለ። ይህም የሚሆነው መንገደኛው ወደ አዲስ ከተማ ገብቶ፣ በዋናው አደባባይ ዞሮ፣ ከሐውልቱ ሥር ቆሞ፣ በሆቴሉ በልቶና ተኝቶ ሲመለስ ነው። እንዲህ ያለው ሰው ከተማውን አየው እንጂ አላወቀውም። የአንድ ከተማ ሕይወት ከአደባባዩ ይልቅ በጓዳው፣ በገበያውና በባለሙያው ደጃፍ ይገኛልና። ምን እንደሚበላ፣ ዕቃው በማን እጅ እንደሚሠራ፣ ጥሬው ከየት እንደሚመጣና የተሠራው ወዴት እንደሚሄድ የጠየቀ መንገደኛ ግን የከተማውን ታሪክ ከመጽሐፍ ባልተናነሰ ሁኔታ ሊያነበው ይችላል።

ለዚህ አባባል ከአገራችን ከተሞች ሐረርን ያህል የተመቸ ምሳሌ ማግኘት ያስቸግራል። ሐረር የእጅ ሙያን ከንግድ፣ ንግድን ከትምህርት፣ ትምህርትን ከእምነት ጋር አጣምራ የኖረች ከተማ ናት። ከዚህም በላይ በተለያየ ዘመን የገቡባት መንገደኞች ያዩትን ጽፈው ወይም በፎቶግራፍ አንሥተው ስላስቀሩ፣ የዛሬው ጐብኚ በመንገዱ የሚያየውን እነርሱ ካዩት ጋር ለማስተያየት ይችላል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት አንዳንድ ሙያ ለምን እንደጠፋ፣ አንዳንዱም ለምን እንደኖረ ይናገራል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

የአሥር ቀን እንግዳ

እንግሊዛዊው መኰንን ሪቻርድ ቡርተን ከዘይላ ተነሥቶ ወደ ሐረር ጉዞ የጀመረው በኅዳር ወር መጨረሻ 1854 ዓ.ም. ነበር። የዐረብ ነጋዴ መስሎ፣ ከሶማሌ ጐሣዎች ጋር እየተደራደረ፣ ከአምስት ሳምንት በላይ በመንገድ ቆይቶ ጥር 3 ቀን 1855 ዓ.ም. ከከተማው በር ደረሰ። በሩ አጠገብ ሲደርስ ግን የለበሰውን የነጋዴ ማንነት ትቶ እንግሊዛዊ መሆኑን ገለጸ። በዚያን ጊዜ የሐረር ገዥ የነበሩት አሚር አሕመድ ተቀበሉት። መንገደኛውም እንደ እንግዳ ይሁን እንደ እስረኛ በውል ሳያውቀው አሥር ቀን ያህል ተቀምጦ ወጣ። ወደ ከተማይቱ ገብተው በደኅና ከተመለሱ አውሮፓውያን መካከል የመጀመሪያው ተብሎ የሚታወቀው እርሱ ነው። የጉዞውን ታሪክም በ1856 ዓ.ም. በመጽሐፍ አወጣ።

ቡርተን የሄደው የእጅ ሥራ ሊጐበኝ አልነበረም። ዓላማው ፖለቲካና ንግድ ነበር፤ ስለ ሐረር ሰዎች የሰጠውም ፍርድ በብዙ ቦታ ንቀት የተቀላቀለበት ነው። የከተማይቱን ርዝመት በአንድ ማይል፣ ወርዷን በግማሽ ማይል፣ የነዋሪውንም ቍጥር በስምንት ሺሕ ገመተ። ይህን የመሰለው ነቃፊ ሰው ሁለት ነገሮችን ሲያይ ግን ብዕሩን ወደ ምስጋና መለሰ። አንደኛው በእጅ የሚሸመነው የሐረር ልብስ ነው። ከታወቀው የሸዋ ሸማ ጋር የሚተካከል፣ በውበትም ሆነ በጥንካሬ ከአውሮፓ ፋብሪካ ከሚወጣው የሚበልጥ መሆኑን መሰከረ። ሁለተኛው የመጽሐፍ ጥረዛና ድጕሰት ነው። በዚህ ሙያ ከምሥራቅ አገሮች ሐረርን የምትበልጣት ፋርስ ብቻ ናት እስከ ማለት ደረሰ።

የወዳጅ ሙገሳ ሊጠረጠር ይችላል፤ የነቃፊ ምስጋና ግን ክብደት አለው። ከዚህ ሌላ ምስጋናው የመጣው የእንግሊዝ የጥጥ ፋብሪካዎች የዓለምን ገበያ በሚያጥለቀልቁበት ዘመን መሆኑ ሲታሰብ፣ በቅጥር ውስጥ የነበሩት ሸማኔዎችና ደጓሾች የደረሱበት ደረጃ ይበልጥ ግልጽ ይሆናል።

ሙያውን ያቆመው ምን ነበር?

እንዲህ ያለ ሙያ በባዶ ሜዳ አይበቅልም። ገዢ፣ ጥሬ ዕቃና ጸጥታ ይፈልጋል። ሐረር ሦስቱንም አግኝታ ነበር።

ጸጥታን የሰጣት በ16ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ በአሚር ኑር ዘመን የተሠራው የጀጎል ቅጥር ነው። ከሦስት ኪሎ ሜትር በላይ የሚዞረው ይህ የድንጋይ ግንብ 48 ሄክታር ያህል መሬት ይከባል። አምስቱ ጥንታዊ በሮችም ወደ ተለያየ አቅጣጫ ይከፈታሉ። ዛሬ በአማርኛ ሸዋ በር፣ ቡዳ በር፣ ሰንጋ በር፣ ኤረር በርና ፈላና በር ተብለው ይጠራሉ። መንገደኛው ልብ ሊለው የሚገባው፣ በር ማለት ለዚያ ዘመን ሰው ጠላት የሚከለከልበት ብቻ እንዳልነበረ ነው። በር የንግድ መሥመር መጀመሪያና መጨረሻ ነበር። ከደጋው ቡና፣ ከቆላው ከብትና ቆዳ፣ ከባሕሩ ወገን ደግሞ ጨርቅና ልዩ ልዩ ዕቃ በእነዚህ በሮች ይገናኙ ነበር።

ገዢውም በቅጥሩ ውስጥ ነበር። ሐረር ከ16ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ እስከ 19ኛው መቶ ዓመት ድረስ የታወቀች የእስላም ትምህርት ማእከል ስለ ነበረች፣ መጽሐፍ የሚጽፍና የሚያስጽፍ ሰው አልጠፋባትም። በጀጎል ውስጥ የሚገኙት 82 መስጊዶች ለዚህ ምስክር ናቸው። መጽሐፍ የሚጻፍበት ከተማ መጽሐፍ የሚደጕስ ባለሙያ ያስፈልገዋል፤ መጽሐፉ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ የሚከላከልለት ጠንካራ ልባስ ይሻልና። የቆዳው ንግድ በአጠገቡ ነበር፤ ሙያውም ጥሬ ዕቃውን ከዚያው አገኘ። የደጓሽ ሙያ በሐረር የከበረው የቆዳ ገበያና የትምህርት ቤት በአንድ ቅጥር ውስጥ በመገናኘታቸው ነው ለማለት ይቻላል።

በፎቶግራፍ የቀረው ባለሙያ

በ1875 ዓ.ም. ሐረር በራዑፍ ፓሻ በተመራው የግብፅ ጦር ተያዘች፤ ይህም ግዛት እስከ 1885 ዓ.ም. ቆየ። በዚህ ጊዜ ለአውሮፓ ነጋዴዎች በሩ ተከፈተ። ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርተር ራምቦ በ1880 ዓ.ም. መጨረሻ በዓደን ይገኝ የነበረ የንግድ ቤት ሠራተኛ ሆኖ ወደ ሐረር መጣ። ግጥም መጻፍ ትቶ ቡና፣ ቆዳና የዝሆን ጥርስ በመመዘን ላይ የነበረው ይህ ሰው በ1883 ዓ.ም. የፎቶግራፍ መሣሪያ አስመጥቶ ጥቂት ሥዕሎችን አነሣ። ከነዚህ አንዱ በአደባባይ ተቀምጦ ዳቡላ የተባሉትን የማጓጓዣ ከረጢቶች የሚሠራ ባለሙያን ያሳያል።

ይህ ፎቶግራፍ ብዙ ጊዜ የሚታየው ስላነሣው ሰው ዝና እንጂ ስለ ተነሣው ሰው አይደለም። ለሙያ ታሪክ ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። የሐረር ቡና ወደ ባሕር ይወርድ የነበረው በግመልና በበቅሎ ጀርባ ነው። ብዙ ቀን በሚወስድ የበረሃ ጉዞ ላይ ቡናውን ከመፍሰስና ከመበላሸት የሚያድነው ከረጢቱ ነበር። እንግዲህ በፎቶግራፉ ላይ ያለው ሰው ተራ ሰፊ ሳይሆን፣ ያለ እርሱ ሥራ የውጪ ንግዱ ሊንቀሳቀስ የማይችል የመጓጓዣ ባለሙያ ነበር። የባለቅኔው ስም በዓለም ሁሉ ሲጠራ የዚህ ሰው ስም ግን ከፎቶግራፉ ጋር አልተላለፈም። በነገራችን ላይ፣ ዛሬ በራምቦ ስም የሚጠራው ባለ ፎቅ ቤት እርሱ ከሞተ በኋላ በሕንድ ነጋዴ የተሠራ ነው። ጐብኚው ባለቅኔው አልኖረበትም ብሎ ማዘን የለበትም፤ ቤቱ ከ1887 ዓ.ም. በኋላ ወደ ሐረር የገቡት የሕንድ ነጋዴዎች ይዘውት የመጡትን የእንጨት ሥራና የሰገነት አሠራር የሚያሳይ በመሆኑ በራሱ ታሪክ አለው።

ቤት እንደ ሥዕል ማሳያ

የሐረርን ጥበብ ለማየት የሚሻ ሰው ወደ አደሬ ቤት መግባት አለበት። ከውጪ ሲታይ ቤቱ ከጠባቡ መንገድ ጋር የተያያዘ የድንጋይና የጭቃ ግድግዳ ነው። ግቢው ተገብቶ ዋናው ክፍል ሲከፈት ግን ሌላ ዓለም ይታያል። ጊዲር ጋር በተባለው በዚህ ክፍል ነደባ የሚባሉ ከፍና ዝቅ ያሉ አምስት መደቦች ተሠርተዋል። ማን በየትኛው መደብ እንደሚቀመጥ በዕድሜ፣ በማዕርግና በዝምድና የተወሰነ ነው። ወለሉ በቀይ አፈር ይቀባል፤ በግድግዳው ውስጥ የዕቃና የመጽሐፍ ማስቀመጫ መስኮቶች ተቀርጸዋል። ከላይ እስከ ታች ደግሞ በስፌት ያጌጡ ሙዳዮች፣ ሰፌዶችና ክዳኖች በሥርዐት ተሰቅለዋል።

የስፌቱ አሠራር ለአማርኛ ተናጋሪው እንግዳ አይደለም። ሣሩ ተሰንጥቆና በቀለም ተነክሮ፣ በወስፌ እየተወጋ፣ ዙር በዙር እየተጠመጠመ ይሠራል። ልዩ የሚያደርገው የሥራው ጥብቅነትና የጌጡ ሥርዐት ነው። ሰፊዋ ንድፉን በወረቀት አትነድፍም፤ ስፌቱ ከመሐል ወደ ዳር እየሰፋ ሲሄድ በየዙሩ የሚጨመረውን ቍጥር በልብዋ ታሰላለች። አንድ ዙር ላይ የተሳሳተ ቍጥር እስከ ዳር ድረስ ይታያልና ሥራው የሒሳብ ትዕግሥት ይጠይቃል። ልጃገረዶች ይህን ሙያ የሚማሩት ሞያ ጋር በሚባለው ቤት በአንዲት ባለሙያ ሴት ሥር በቡድን ተሰብስበው ነበር። በዚያም ስፌት ብቻ ሳይሆን የቤት አያያዝና የማኅበራዊ ኑሮ ሥርዐት ይቀሰም ነበር።

የማእዱ ታሪክ

የከተማው ምግብም ከንግዱ መሥመር ጋር አብሮ የሚነበብ ነው። በገበያው የሚሸጡት ሐላዋና ሙሸበክ፣ በየመንገዱ ጥግ የሚጠበሰው ሳምቡሳ፣ ከሊጥና ከዕንቍላል የሚጋገረው ፈጢራ ከባሕር ማዶ ጋር ለብዙ ዘመን የነበረውን ግንኙነት ያስታውሳሉ። በአንጻሩ ቡናው የምድሪቱ ነው። የሐረር ቡና ሳይታጠብ ከነፍሬው ሥጋ በፀሐይ የሚደርቅ ሲሆን፣ ይህ አደራረቅ ልዩ መዓዛ እንደሚሰጠው ይታወቃል። የምርቱ ዋና ክፍል ለውጪ ገበያ ስለሚሄድ፣ ከዛፉ የሚቀረው ሁሉ በቤት ውስጥ ጥቅም ላይ ይውላል። ከቅጠሉ ቁጢ ይፈላል፤ ከገለፈቱም ከወተት ጋር ሆጃ ይዘጋጃል። ወደ ባሕር የሚወርደውን ፍሬ ሸጦ በቅጠሉና በገለፈቱ ጣዕም ማግኘት መቻል ራሱን የቻለ ሙያ ነው።

የባቡር መሥመር በካርታ ላይ

የሐረርን የእጅ ሙያ ዕድል ከወሰኑት ነገሮች አንዱ በቅጥሩ ውስጥ ሳይሆን በመሐንዲሶች ጠረጴዛ ላይ የተፈጸመ ነው። ከተማይቱ በ1887 ዓ.ም. ከጨለንቆ ጦርነት በኋላ በዳግማዊ ምኒልክ ግዛት ሥር ሆነች፤ አስተዳደሯም ለራስ መኰንን ተሰጠ። በ1894 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ለስዊሱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የባቡር ሐዲድ መሥሪያ ፈቃድ ሲሰጡ፣ የመሥመሩ የመጀመሪያ ክፍል ከጅቡቲ እስከ ሐረር እንዲሆን ታስቦ ነበር። ሥራው በ1897 ዓ.ም. ተጀመረ።

ነገር ግን ሐረር 1,885 ሜትር ከፍታ ላይ የምትገኝ የተራራ ከተማ ናት። አንድ ሜትር ስፋት ያለውን ሐዲድ ከቆላው ወደዚያ ለማውጣት ብዙ ድልድይ፣ ብዙ ቍፋሮና ብዙ ገንዘብ ያስፈልግ ነበር። ስለዚህ መሥመሩ በተራራው ሥር እንዲያልፍ ተወሰነ። በ1902 ዓ.ም. ሐዲዱ ከሐረር ወደ 700 ሜትር ዝቅ ብሎ፣ በመንገድ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ከሚገኝ ስፍራ ደረሰ። በዚያም የተቈረቈረው ከተማ በመጀመሪያ «አዲስ ሐረር» ተባለ፤ ኋላ ድሬዳዋ በሚለው ስም ጸና።

በምሕንድስና ሚዛን ውሳኔው ስሕተት ነው ለማለት አይቻልም። የመሬቱ አቀማመጥና ወጪው ሌላ ምርጫ አላስቀሩም። ውጤቱ ግን ከሐዲዱ አልፎ ሄደ። ሳምንታት ይፈጅ የነበረው የነጋዴ ጉዞ ወደ አንድ ቀን ገደማ ሲያጥር፣ ቡናውን በግመል የሚያጓጕዘው ሲራራ ነጋዴና የእርሱን ከረጢት የሚሠራው ባለሙያ ሥራቸውን አጡ። በርካሽ የተጓጓዘው የፋብሪካ ጨርቅ ከሸማኔው ደጃፍ ደረሰ። የታተመ መጽሐፍም በገበያ ሲበዛ በእጅ የተጻፈውን የሚያስደጕስ ሰው አነሰ። ቡርተን ያደነቃቸው ሁለቱ ሙያዎች ማለትም ሽመናውና ድጕሰቱ ወደ ኋላ የቀሩት በሙያው ጕድለት አልነበረም። ያቆማቸው የገበያ ሥርዐት ሲፈርስ አብረው ተናጉ።

የኖረውና የተለወጠው

ይህ ከሆነ ስፌቱ ለምን ኖረ? መልሱ ስፌቱ በመሠረቱ የገበያ ዕቃ ባለመሆኑ ላይ ነው። ሙዳዩ የሚሠራው ለልጅ መዳሪያ፣ ለቤት ክብርና ለስጦታ ነበር። የባሕር ማዶው ቆርቆሮና የሸክላ ሳሕን ሲመጣም ስፌቱን ከግድግዳው አላወረደውም፤ እንዲያውም ራሱ ከስፌቱ አጠገብ ተሰቅሎ የጌጡ ክፍል ሆነ። በማኅበራዊ ሥርዐት ውስጥ ቦታ ያለው ሙያ በዋጋ ውድድር ብቻ አይሸነፍም።

ሁለተኛው ምሳሌ የልብስ ሰፊዎቹ መንገድ ነው። ከፈረስ መጋላ ወደ ጊድር መጋላ የሚወርደው ጠባብ መንገድ በሁለት ወገን ልብስ ሰፊዎች ተደርድረውበት ከስፌት መኪናቸው ድምፅ የተነሣ «መኪና ግርግር» ይባላል። ሸማኔውን የጐዳው የባሕር ማዶ ጨርቅ በሌላ በኩል ለሰፊው እንጀራ ሆነለት፤ ከውጪ የመጣውም መኪና በከተማው ስም አወጣጥ ውስጥ ገብቶ ባላገር ሆነ። ከሸዋ በር ውጪ ደግሞ ቀጥቃጮች ወናፋቸውን እየነፉ ከአሮጌ መኪና ባሌስትራ ማጭድና ቢላዋ፣ ከቆርቆሮም የከሰል ምድጃ ሲሠሩ ይታያል። በአገሪቱ ሁሉ ቀጥቃጭና ሸማኔ በሙያቸው ይሰደቡ ነበር፤ ዳግማዊ ምኒልክ በ1908 ዓ.ም. ባለሙያን በሥራው መስደብ የሚከለክል ዐዋጅ እስከ ማውጣት የደረሱትም ስለዚህ ነው። የፋብሪካው ዘመን የጣለውን ብረት አንሥቶ ለገበሬው መሣሪያ የሚያደርግ ሰው ግን ከስድብ ይልቅ ጥናት የሚገባው ነው።

በ2006 ዓ.ም. የጀጎል ከተማ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዘገበ። በተለምዶ የራስ ተፈሪ ቤት በሚባለው ሕንፃ የሚገኘው የሸሪፍ ሙዚየምም ብዙ በእጅ የተጻፉ መጻሕፍትን፣ ሳንቲሞችንና ጌጣጌጦችን ሰብስቦ ያሳያል። የድጕሰትን ሙያ ለወጣቶች መልሶ ለማስተማርም ተሞክሮበታል። እዚህ ላይ ሊታሰብ የሚገባው፣ ሙያውን ለመመለስ የተቻለው የቀደሙት ባለሙያዎች ሥራ ተጠብቆ በመገኘቱ መሆኑ ነው። ደጓሹ ሲሞት ድጕሰቱ ቀርቶ አስተማረ።

በቤቶቹ አሠራር ላይ ግን ሥጋቱ አልተወገደም። በጭቃ የተሠራ የድንጋይ ግንብ በሲሚንቶ ሲለሰን፣ ቀድሞ በጭቃው ይወጣ የነበረው እርጥበት ታፍኖ ግድግዳውን ከውስጥ ያላላዋል። ከላይ የጸና የሚመስለው ጥገና ከሥር ያፈርሳል ማለት ነው። የአፈሩን ጣራ በየዓመቱ መጠገን የሚያውቅ ሰው ሲጠፋ ቆርቆሮ ይተካል፤ ቆርቆሮውም የክፍሉን ቅዝቃዜ ይወስዳል። ስለዚህ የሐረር ግንበኛ ዕውቀት ከሙዳዩና ከድጕሰቱ ባላነሰ ሁኔታ ሊመዘገብ የሚገባው የእጅ ሙያ ነው።

መሐንዲስ ለሥራ ወደ አዲስ ከተማ ሲላክ በሻንጣው የሚይዘው ካርታ ከፍታን፣ ወንዝንና መንገድን ያሳየዋል። ከረጢት ሰፊው የት እንደሚቀመጥ፣ ሸማኔው ጥጡን ከየት እንደሚገዛ፣ ግንበኛው ጭቃውን በምን እንደሚያቦካ ግን ካርታው አይነግረውም። ከ1902 ዓ.ም. በፊት መሥመሩን በካርታ ላይ ያሰመሩት ሰዎች ተራራውን በትክክል ለክተዋል፤ በተራራው ላይ በእጁ ሠርቶ የሚያድረውን ሰው ግን የሚለካ መሣሪያ አልነበራቸውም። ዛሬም መንገድ፣ ግድብ ወይም አዲስ ሰፈር ሲታቀድ ይህ መሣሪያ በእግር ከመዞር፣ ከመጠየቅና ከባለሙያው ደጃፍ ቁጭ ብሎ አንድ ስኒ ቁጢ ከመጠጣት የተለየ አይደለም። ያን ያደረገ ሰው ሥራውን ጨርሶ ሲመለስ ከተማይቱ ትናፍቀዋለች፤ የሠራላትም ሥራ ለሚኖሩባት ሰዎች ይበጃል።